የዘጠኝ ሰዓት መንገድ

ሐሙስ፣ 3

ዘጠኝ ሰዓት ነው አልኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምኑ ነው የማይገባው? ጋሼ ሚዛን ግን ሻዩን ፉት እያለ፣ «ልጄ፣ አንተ ስልክ ላይ ያበረርከው ጣትህን ነው» ብሎ ፈረቃውን ሙሉ አሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሻንጣ ሲያነሳ ኖሮ አንድ ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። እኔም አልተሳፈርኩም፣ ግን የእኔ ይለያል።

ስልኬ ላይ ሁለቱን ኤርፖርት አስገባሁ፣ የእኛንና እህቴ እታለም ያለችበትን። ወዲያው አወጣልኝ። ርቀት ስምንት ሺህ አንድ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር። የበረራ ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ከምናምን። ምናምኑን ተዉት። መስመሩንም አሰመረልኝ፣ ጎበጥ ያለ ቀይ መስመር፣ ከእሷ ተነስቶ እኛ ጋ ቁጭ። ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረው፣ እሱን አላነበብኩትም። ደቃቅ ጽሑፍ የጠበቃ ሥራ ነው።

ጋሼ ሚዛን የተባለው ሻንጣ በአንድ እጁ አንስቶ ኪሎውን ስለሚናገር ነው። ግማሽ ኪሎ አይስትም። እኔን ደግሞ «ካፒቴን» ይሉኛል። ለቀልድ ነው የሚሉት፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ከዚህ ፈረቃ በጉልበት የሚያህለኝ የለም፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ በአንድ እጄ እወረውራለሁ።

ይሄ ደብተር የፈረቃ መመዝገቢያ ነበር። ሦስት ገጽ ተጽፎበት ተጥሎ አገኘሁት። እታለም ሁልጊዜ «ጻፍ፣ እጅህ ይፈታ» ትለኝ ነበር። ይኸው ተፈታ። ከሰባተኛ ያቋረጠ እንዲህ ከጻፈ የጨረሱት ምን ሊጽፉ ነው።

ለምን እንደተከራከርን ልጻፈው። አባባ ሆስፒታል ከገባ አሥራ አንድ ቀኑ። አጎቴ «ለእህትህ ንገራትና ትምጣ» እያለ ነው። እኔ ምን ያስቸኩላል እላለሁ። አዲስ ሥራ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው፣ በባዶ ሜዳ ፈቃድ ጠይቃ ቢያባርሯትስ? ማታ ቢብስበት ብንደውልላት ጠዋት እዚህ ናት። ዘጠኝ ሰዓት እኮ ነው።


ቅዳሜ፣ 5

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ አባባ ጋ ሄድኩ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፣ ከበሩ በላይ የግድግዳ ሰዓት አለ። ነርሷ መርፌ ልትወጋው ስትገባ አባባ ቀና ለማለት እየታገለ፣ «ልጄ ነው» አላት። «የኤርፖርት ኃላፊ ነው። እሱ ካላዘዘ አውሮፕላን አይነሳም።»

ነርሷ ጫማዬን አየችው። ጫፉ ብረት ነው፣ የሥራ ጫማ። አንገቴ ድረስ ጋለኝ።

«እሺ አለቃ፣ ክንዱን ያዙልኝ» አለች።

ውሸት አይደለም እኮ። ሻንጣ ካልተጫነ አውሮፕላን አይነሳም። ለአባባ ኃላፊ ነኝ ካልኩት ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለእታለምም። ፎቶም ልኬላታለሁ፣ የፈረቃ አለቃው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሬዲዮውን ይዤ። ሦስት ደቂቃ ነው የተቀመጥኩት፣ ግን ፎቶ ላይ ደቂቃ አይታይም።

ነርሷ ስትወጣ አባባ፣ «ከእህትህ አገር እዚህ ድረስ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ብቻ?»

«ዘጠኝ ብቻ።»

«ታዲያ ቅርብ ናት» አለ። ከዚያ ደስ ብሎት ተኛ። ሲተኛ ፊቱ ላይ ያየሁትን ሰላም ከታመመ ጀምሮ አላየሁትም። ይሄን ያመጣሁለት እኔ ነኝ።


ረቡዕ፣ 9

ዶክተሩ አጎቴን ኮሪደር ላይ ጠርቶ አነጋገረው። እኔን አልጠራኝም። ምን እንዳለው ስጠይቀው አጎቴ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ቀዳዳ ሲያይ ዓይኑ አልቋል። ስልክ ላይ ቁጥር እንኳ የምመታለት እኔ ነኝ።

«ሳምንት አላለኝም» አለ። «ቀን ነው ያለው። በል ደውልልኝና ልንገራት።»

«አጎቴ፣ የኤርፖርት ሰው ማነው፣ አንተ ወይስ እኔ?»

«እኔማ ከልብስ በቀር ምን አውቃለሁ።»

«ታዲያ እመነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ነው። በቁርጡ ጊዜ እንጠራታለን።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። ትንሽ ዘርግቶት ቆየና ወደ ኪሱ መለሰው። «አንተ ካልክ ይሁን» አለ።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ይሄን ደብተር መቼም ማንም አያነበውም። እታለም ብትመጣ የምትወርደው በእኛ በር ነው። በዚያ ሰዓት ደረጃው አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ላብ በላብ ሆኜ።

ይሄ ግን ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ሥራዋ ነው።


ዓርብ፣ 11

ቶሎ ልጻፍ፣ መኪናው እየመጣ ነው። እታለም ደወለች፣ እየጫንን።

«ምንድነው ይሄ ጩኸት?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ስብሰባ እንዲህ ይጮኻል?»

«ትልቅ ስብሰባ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ስለ አባባ ጠየቀችኝ። «ደህና ነው፣ ይበላል» አልኳት። ሁለት ማንኪያ ሾርባ መብላት ነው፣ አልዋሸሁም። «ልምጣ ወይ?» አለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «ምን ታደርጊያለሽ፣ እኔ አለሁ አይደል» አልኳት።

ጋሼ ሚዛን ሰምቶኛል። ይዞት የነበረውን ሻንጣ አስቀመጠና ሌላ አነሳ።


ማክሰኞ፣ 15

ጠዋት ነርሷ «ሩቅ ያለ ዘመድ ካላችሁ አሁን ንገሩ» አለች። ደወልኩ። እታለም አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እየተነሳሁ ነው» ብላ ዘጋችው።

አባባ ጆሮ ላይ ጎንበስ አልኩና፣ «እየመጣችልህ ነው» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። «መቼ?»

«ሰዓቱን እየው። አሁን ሦስት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዚያ በር ትገባለች።»

ትራሱን ከፍ አድርግልኝ አለ፣ ሰዓቱ እንዲታየው።


ያው ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ኮሪደር

ከእታለም መልእክት መጣ። እንዳለ ልገልብጠው።

«ቲኬት አገኘሁ። ሦስት አውሮፕላን ነው። ከዚያ በፊት ቦታ ስለሌለ ነገ ማታ ነው የምነሳው። የመጀመሪያው ጋ አሥራ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ሁለተኛው ጋ ስድስት። ዓርብ ከሰዓት እገባለሁ። ለአባባ ንገረው፣ ይጠብቀኝ።»

ዓርብ።

ያንን ደቃቅ ጽሑፍ አሁን ከፍቼ አነበብኩት። በቀጥታ መስመር የተሰላ ነው ይላል። በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ቀጥታ በረራ የለም ይላል። ሁለት መስመር ነው በቃ። ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሌላ ሰው ቢሳሳት ይሁን፣ እኔ ግን የማስተላለፊያ ሻንጣ በየቀኑ በእጄ የሚያልፍ ሰው ነኝ። ከአንዱ አውሮፕላን አውርደን ለሚቀጥለው እስኪደርስ አጥሩ ሥር እንደረድረዋለን። አሥራ ስድስት ሰዓት የቆመ ሻንጣ አውቃለሁ። ተቀምጬበት ምሳዬን በልቻለሁ። ባለቤቱስ የት ተቀምጦ ይሆን ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ሻንጣ ብቻ ነው የሚጠብቅ የመሰለኝ።

ገብቼ ልነግረው ነው። አሁን።


ሐሙስ፣ 17

አባባ ትናንት ሊነጋ ሲል አረፈ።

ማክሰኞ የሆነውን ካልጻፍኩት አብዳለሁ። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፣ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቻለሁ። አክስቶቼ እያለቀስኩ መስሏቸዋል።

ልነግረው ገባሁ። አባባ ነርሷን አስጠርቶ ፀጉሩን እያስበጠረ ነበር። «ልጄ ልትገባ ነው» ይላታል። «ወንድሟ ሰዓቱን እቅጩን ያውቀዋል፣ ሥራው ነው።» ነርሷ ዘወር ብላ አየችኝ። አፌ ተከፈተ፣ ከዚያ «ውሃ ላምጣ?» አልኩ። ውሃ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ላይ አጎቴ ገባና «የት ደረሰች?» አለኝ። ወደ ኮሪደር ይዤው ወጥቼ መልእክቱን አነበብኩለት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ለአባትህ ነግረኸዋል?» አለ። «ነግሬዋለሁ» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የአባቴ ወንድም ፊት ላይ። «ጎሽ፣ እንግዲህ ይችለዋል» ብሎ ራት ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ።

አሥራ ሁለት ሲሆን አባባ በሩን አየ። የሰው ኮቴ በተሰማ ቁጥር አንገቱን ያቃናል። ኮቴው ያልፋል፣ አንገቱ ይመለሳል።

አንድ ሰዓት ሲሆን፣ «አውሮፕላን ይዘገያል እንዴ?» አለኝ።

«አንዳንዴ ይዘገያል።»

«አንተ ብታዛቸውም?»

«አንዳንዴ» አልኩ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ትራሱን ዝቅ አድርግልኝ አለ። ዝቅ አደረግኩት። ሰዓቱን ትቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ ቆይቶ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ፣ «ቀረች» አለ። «ቢከብዳት ነው። ሥራ ይዛለች።»

ያኔ ነበር መናገር። «አባባ፣ አልቀረችም፣ እኔ ነኝ ሰዓቱን የተሳሳትኩት» ማለት ስንት ቃል ነው? ስድስት። ስድስት ቃል ከበደኝ፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ በአንድ እጁ የሚያነሳው ጀግና። አልናገርም ብዬ አልወሰንኩም። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስል እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሰው አልለየም።


ቅዳሜ፣ 19

ቀብሩ ትናንት ጠዋት ሆነ። አጎቴ እስክትመጣ ይቆይ ብሎ ለመነ፣ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉት። መንገድ ላይ ብቻዋን አትስማው ተብሎ ለእሷም አልተነገራት።

ከቀብር በቀጥታ ኤርፖርት ሄድኩ። ውጪ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አልጠብቃትም አልኩ፣ ደረጃው ሥር ልቀበላት፣ እንዲያው ቢያንስ እሱን። ወደ ውስጥ ለማለፍ ግን ሰደርያ ያስፈልጋል። ከሐዘን ልብሴ በላይ ደረብኩት።

አውሮፕላኑ ቆመ። ደረጃው ተጠጋ። በሩ ሲከፈት እግሬ ብቻውን ሄደ። ወደ ደረጃው አይደለም፣ ወደ ሻንጣ ክፍሉ። ዘልዬ ገባሁና እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ በጉልበቴ ሄድኩ። ከላዬ የሰው ኮቴ እየወጣ ይሰማኛል። ከነዚያ አንዱ የእሷ ነው።

ጋሼ ሚዛን አንገቱን አስገባ። «ውረድ። ያቺ ጥቁር የለበሰችው እህትህ አይደለችም?»

ጥቁር ለብሳለች ማለት ነው። ሳይነግሯት አውቃለች።

«ጋሼ፣ አልወርድም።»

«የሚያሳፍር ሥራ ነው እንዴ የምንሠራው?» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሻንጣዋን ያወረድኩት እኔው ነኝ። ትንሽ ናት፣ ስምንት ኪሎ ብትሆን ነው፣ ምንም ይዛ አልመጣችም። እጀታው ላይ የሦስት ኤርፖርት ወረቀት ተጠምጥሟል። ሰደርያዬን አውልቄ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ውጪ አገኘኋት። አርባ ደቂቃ ብቻዋን ቆማለች። «ስብሰባ ነበር» አልኳት። በአባቴ ቀብር ቀን።

አላመነችኝም ይሆን፣ አልሰማችኝም ይሆን አላውቅም። «አለ?» ብቻ ነው ያለችው። እኔም አንገቴን ደፋሁ።


ሰኞ፣ 21

እታለም ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና ጠየቀች። አጎቴ አለ፣ እኔ አለሁ፣ ሌላ ማንም የለም።

«ዶክተሩ መቼ ነው የነገራችሁ?»

አጎቴ «ከማረፉ ሳምንት በፊት፣ ረቡዕ» አለ።

«እኔ ማክሰኞ ነው የሰማሁት። ስድስት ቀን። ያኔ ብትደውሉ ቅዳሜ እዚህ ነበርኩ። ማነው ይቆይ ያለው?»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ልተነፍስ ነው ስል አጎቴ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ» አለ። «ሥራሽን እንዳታጪ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልጽፈውም። አባቷ በሞተ በአምስተኛ ቀኑ የአባቷን ታላቅ ወንድም እንዲያ ትለዋለች ብዬ አላስብም ነበር። እሱ ጉልበቱ ላይ ያለውን ክር እየለቀመ ሰማት።

በኋላ ግቢ ውስጥ ያዝኩት። «ለምን?»

«አንተ ወንድሟ ነህ» አለኝ። «ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ የቀራችሁ። እኔ ዛሬ ነገ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ከእኔ ትጣላ።»

እኔ ደግሞ እሺ አልኩ። እሺ ነው ያልኩት፣ አፌን ሞልቼ።

ማታ እታለም ለብቻዬ፣ «አባባ ስለ እኔ ምን አለ?» አለችኝ። «መረቀሽ» አልኳት። «ጠግቤያታለሁ አለ።» ይሄን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጥሩ ነገር ያደረግኩ መሰለኝ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል።


ሐሙስ፣ 24

ሄደች። አጎቴን ሳትሰናበት።


ማክሰኞ፣ 6

አጎቴ ሱቅ ሄጄ ነበር። ስልኩ ልብስ መስፊያው ላይ፣ መርፌው አጠገብ ቁጭ ብሏል። «ድምፁ ጮክ ማለቱን እይልኝ» አለኝ። ጮክ ብሏል። በሌላ ስልክ ደውዬ አሳየሁት። ሲጮህ ፊቱ በራ፣ እኔ መሆኔን ሲያውቅ ጠፋ።

«አታነሳም» አለኝ። «ደንበኛ ሁሉ ቁጥሯን ይመታልኛል፣ አታነሳም። ሥራ በዝቶባት ነው።»

አባባም እንዲሁ ነበር ያለው።


ዓርብ፣ 9

ለእታለም፣ «አጎቴ ደክሟል፣ አንድ ጊዜ አንሺለት» ብዬ ጻፍኩላት። በሁለት ደቂቃ መለሰች።

«ያ ሰውዬ ሲሞት እንኳ እንዳትነግረኝ።»

ሻንጣ እያነሳሁ ነበር፣ ከእጄ ወደቀ። ጋሼ ሚዛን መጥቶ ስልኩን ከእጄ ወስዶ አነበበው። ስለ አጎቴ የሚያውቀው ነገር የለም መስሎኝ ነበር። ለካ አጎቴ ቁጥር የሚያስመታው አንዳንዴ በእሱ ነው፣ ሱሪውን ሊያሳጥር ሲሄድ።

«ይሄ ያንተ ሸክም ነው» አለኝ። «ስንት ኪሎ እንደሆነ ልንገርህ?»

«አትንገረኝ ጋሼ።»

«ሽማግሌው ግን እያነከሰ ነው።»

አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሳይጠራት ቀረ፣ አባቷን አጣች። ይኸው ደግሞ እንዳትጠሩኝ እያለች ነው። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። በዚህ ዓለም ላይ ፎክሬ የማላውቀው በዚህ ብቻ ነው።


እሁድ፣ 11

ጠዋት ተነስቼ ጻፍኩት። መጀመሪያ እዚህ፣ ከዚያ ስልኬ ላይ ገልብጬ ላክሁት። ስልከው ዓይኔን አልጨፈንኩም። ይኸው፦

«እታለም፣ አጎቴ አይደለም። እኔ ነኝ። አጎቴ ረቡዕ ዕለት ልንገራት ብሎ ስልኩን ሲዘረጋልኝ አልደውልም ያልኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብዬ ነው፣ ቀጥታ በረራ እንደሌለ አላየሁም። አላየሁም ስልሽ አላነበብኩም ማለቴ ነው። እሱ ግን ሁሉም አይደለም። እንድትመጪ አልፈለግኩም፣ ታይኛለሽ ብዬ። ኃላፊ አይደለሁም፣ ሻንጣ ጫኝ ነኝ። የመጣሽ ቀን ስብሰባ አልነበረኝም፣ ካንቺ እግር በታች አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ተደብቄ ነበር። አባባም መረቀሽ ያልኩሽ ከራሴ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች ስላልኩት እስከ ሁለት ጠበቀሽ፣ ከዚያ ቀረች አለ። እንደማትደርሺ መልእክትሽን አንብቤ አውቅ ነበር። አልነገርኩትም። አልቀረሽም፣ እየመጣሽ ነበር፣ ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው የምነግርሽ። አሁን ለአጎቴ ደውዪለት፣ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ነው የሚውለው። እኔን የፈለግሽውን በዪኝ፣ ወንድሜ አይደለህም በዪኝ፣ ግን ዝም አትበይ። ስታነቢው ስልኬ ላይ ይታየኛል። መልሺ። ነገ ሳይሆን አሁን።»